ዮርክ እና ያልተጣሉ ስሞቿ

እንግሊዝ አገር ሊድስ ከተማ የምንኖር ሐበሾች ከአገር ቤት እንግዳ ሲመጣብን ዮርክ ወስደን እናሳየዋለን። በባቡር ግማሽ ሰዓት ቢፈጅ ነው። እንግዳው በከተማው ቅጥርና ሚንስተር በሚሉት ግዙፍ ካቴድራል ፊት ፎቶ ይነሣል፤ ከካቴድራሉ አጠገብ ዙፋን ላይ ዘና ብሎ የተቀመጠውን የነሐስ ሰው ግን አብዛኛው ዝም ብሎት ያልፋል። ቆስጠንጢኖስ እኮ ነው! በየዓመቱ ደመራ ስንደምር የምናነሣት የንግሥት እሌኒ ልጅ። በ306 (ዘመኑን ሁሉ የምጠቅሰው በፈረንጆቹ ነው) አባቱ እዚችው ከተማ ሲሞት፣ ወታደሮቹ እዚሁ ንጉሠ ነገሥት ብለው አነገሡት። በኋላ ስለ ፍሬምናጦስ ለኢዛናና ለወንድሙ ለሳይዛና ደብዳቤ የጻፈው ቆንስታንቲዮስም የዚሁ ሰው ልጅ ነው። ቤተሰቡን ከመስቀል በዓልና ከአክሱም ታሪክ እናውቀዋለን፤ ከተማዋን ግን አናውቃትም።

ያኔ ስሟም ዮርክ አልነበረም። ሮማውያን በ71 ሲሰፍሩባት ኤቦራኩም አሏት። እነሱ ሲሄዱ የመጡት አንግሎ ሳክሶኖች የስሙ ትርጉም ስላልገባቸው፣ በራሳቸው ቋንቋ ከርከሮ ወደሚለው ቃል አስጠግተው ኤኦፎርዊክ አደረጉት። በ866 ከስካንዲኔቪያ የመጡት ቫይኪንጎች ወረሯት፤ በእነሱ አፍ ዮርቪክ ሆነች። ከዚያ ስሙ እያጠረ እያጠረ ዮርክ ላይ ቆመ። ስያሜ አጥኚ ኮሚቴ አልተቋቋመ፣ አዋጅ አልወጣ። ኒው ዮርክም በ1664 ስሟን ያገኘችው በዮርክ መስፍን ነው፤ እዚያ ታክሲ የሚነዱ ወገኖቼ ስንቶቹ ይህን እንደሚያውቁ እንጃ።

እኔን የሚገርመኝ ግን የድሮዎቹ ስሞች ዛሬም ሥራ አለመፍታታቸው ነው። የዮርክ ሊቀ ጳጳስ ሲፈርም ከስሙ ቀጥሎ የሚጽፈው «ኢቦር» ብሎ ነው፤ የሮማውያኑ ስም አጥሮ መሆኑ ነው። ከ2005 እስከ 2020 በመንበሩ የተቀመጡት ትውልደ ኡጋንዳዊው ጆን ሴንታሙም እንዲሁ ይፈርሙ ነበር። ለእኛ ይህ ባዕድ አይደለም፤ የእኛም ፓትርያርክ መንበራቸው አዲስ አበባ ሆኖ «ሊቀ ጳጳስ ዘአክሱም» ይባላሉ። ዮርኮች ግን በቤተ ክህነት አላበቁም፤ ታዋቂው የነሐሴ የፈረስ ውድድራቸው ኢቦር ነው፣ የቫይኪንግ ሙዚየማቸው ዮርቪክ።

መንገዶቹማ የባሰባቸው ናቸው። ቫይኪንጎች መንገድን «ጋታ» ይሉ ስለነበር የዮርክ መንገዶች ዛሬም ጌት ይባላሉ፦ ሚክልጌት፣ ስቶንጌት፣ ኮፐርጌት። እውነተኛው የቅጥር በር ደግሞ ባር ይባላል። መጠጥ ቤቱስ? ፐብ። አንድ እንግዳዬ ሚክልጌት ባር ስለው ቢራ ያለ መስሎት ፈጥኖ ተራመደ። ሻምብልስ የሚሉት ጠባብ መንገድ የሥጋ ሻጮች ሰፈር ነበር፤ ዛሬ የሚሸጥበት የቱሪስት ዕቃ ነው፣ ሥጋ ይሰቀልበት የነበረው ሜንጦ ግን ሱቆቹ ደጅ ላይ እንዳለ ነው። የፒያሳው ዶሮ ማነቂያ ሲፈርስ ያዘንኩት ስሙ የሚንጠለጠልበት ሜንጦ እንኳ ስላልቀረለት ነው።

እዚህ ላይ «ፈረንጅ እንዲህ ነው፣ እኛ ግን…» ብዬ ልጨርስ እችል ነበር፤ ለፍርድ ግን ይከብዳል። ናዝሬትና ደብረ ዘይት የሚሉትን ስሞች ያወጡት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ናቸው፤ አዳማና ቢሾፍቱ ከዚያ በፊት ነበሩ። የተነጠቀ ስም መመለሱን የምቃወምበት ምክንያት የለኝም። ቅር የሚለኝ ሌላ ነው። እዚህ ስደት ላይ፣ ለቅሶ ቤት እንኳ፣ አንዱ «ያደግኩት ደብረ ዘይት ነው» ሲል ከወዲያ ማዶ ፊት ይጠቁራል፤ ሌላው ቢሾፍቱ ሲል ደግሞ ከወዲህ። ሰውዬው የተናገረው ስለ ልጅነቱ ነው፤ የሚሰማው ግን ስለ ፓርቲው እንደተናገረ ተደርጎ ነው። እርግጥ በቫይኪንጎች ቂም የያዘ ዮርካዊ ዛሬ የለም፤ ከሺህ ዓመት በላይ አልፏል። ደብረ ዘይት የሚለው ስም ሲወጣ በሕይወት የነበሩ ሰዎች ግን ዛሬም አሉ።

ደግሞም ዮርኮች ስለ ስማቸው ግድ የላቸውም ያለ ተሳስቷል። የዮርክ መስፍን ይባል የነበረው የንጉሥ ቻርልስ ወንድም አንድሩ ከወሲብ ወንጀለኛው ኤፕስቲን ጋር በነበረው ወዳጅነት ስሙ ሲጠፋ፣ የከተማው ምክር ቤት የሰጠውን የክብር ነዋሪነት በ2022 ነጠቀው። ይህም አልበቃቸውም፤ የከተማችንን ስም ይልቀቅልን አሉ። በ2025 ንጉሡ ከመሳፍንቱ መዝገብ እስኪያስፍቁት ድረስም አልተዉትም።