ፕሮሰሱ አለ ማለት ሳይቱ ይሰራል ማለት አይደለም

ወንድሜ "ክሮን (ስራን በሰዓቱ የሚያስነሳው ፕሮግራም) በየደቂቃው ኤንጂንኤክስ (ዌብ ሰርቨሩ) መኖሩን አይቶ ከጠፋ ካስነሳው በቃ" ያልከውን ብዙ ሰው ያምነዋል ግን ልክ አይደለም። ኤንጂንኤክስ በሰላም እየሮጠ ከኋላው ያለው ፒኤችፒ (የሳይቱን ኮድ የሚያስኬደው) ከሞተ ሰው የሚያየው 502 ኤረር ነው፣ መልስ ሳይሰጥ ከተንጠለጠለ ደሞ 504፣ ስክሪፕትህ ግን ፕሮሰሱን አይቶ ሰላም ነው ብሎ ያልፋል፣ ኤንጂንኤክስን ሪስታርት ብታረገውም ምንም አይለወጥም። ይልቅ በከርል (ከኮማንድ ላይን ገፅ የሚጠይቅ ፕሮግራም) ታይምአውት (የመጠበቂያ ገደብ) ሰጥተህ ዳታቤዝ የሚነካ ገፅ ጠይቅ፣ ደጋግሞ 200 (ገፁ በትክክል መጣ የሚለው ኮድ) ካልመጣ ሎጉን አስቀምጥና የወደቀውን ሰርቪስ ብቻ አስነሳ። ለሞተ ፕሮሰስማ ሲስተምዲ (ሊኑክስ ላይ ሰርቪሶችን የሚያስተዳድረው) በሰርቪሱ ፋይል ላይ Restart=on-failure ካረግክለት ራሱ ያስነሳልሃል፣ የሙከራ ገደቡን ካልነካኸው ግን በ10 ሰከንድ ውስጥ 5 ጊዜ ከሞከረ በኋላ ይተወዋል፣ ስለዚህ አለርትም ጨምርበት።