ካባ አለ፣ ውሃ የለም

ኧረ እባካችሁ! ጎንደር ላይ ሆቴል የሚሠራ ሁሉ ቤተ መንግሥት ካላስመሰለ አይሆንለትም? ያረፍንበት ሆቴል ክብ ማማ አለው፣ በሩ ላይም የጂፕሰም አንበሳ። ማማውን በጣቴ ሳንኳኳው ባዶ ቦርድ ነው። ዩኔስኮ በ1979 እ.ኤ.አ. የመዘገበው እውነተኛው ፋሲል ግቢ እዚሁ ከተማ ውስጥ ቆሞ ሳለ ይሄ ለማን ነው? የ17ኛው ክፍለ ዘመን ድንጋይና ኖራ እስካሁን አለ። የዚህኛው ቀለም ከአሁኑ ይላላጣል።

ይሁን፣ መልኩን ልለፈው። ክፍሉስ? መስኮቱ ግንብ ይምሰል ተብሎ ስለጠበበ በጠራራ ፀሐይ መብራት ይበራል። ሶኬቱ ከቁም ሳጥኑ ጀርባ ነው። ሻወሩ መጋረጃ ስለሌለው ውሃው እስከ አልጋው ይፈሳል። ማለቴ፣ ውሃ ሲኖር። ደውለን ስንጠይቅ «አሁን ይለቀቃል» ይሉናል። በትሕትና ነው የሚሉት፣ እሱን አልክድም። ማታ ካባ የለበሰ አስተናጋጅ ወፍራም ሜኑ አመጣልን። ያዘዝነው ሁሉ «አልቋል»። ሽሮ በልተን ተነሣን። ለካባው የወጣው ብር ውሃ ማጠራቀሚያ ሮቶ ቢገዛበት ምን ነበረበት? ቢሉ ላይ ደግሞ 10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ ተጨምሮበታል። የቱ አገልግሎት?