የማትደክመው ሲቪ ውዳሴ

ውለታዋን ያላወቅንላት አንዲት ሲቪ አለች። ለእያንዳንዱ የሥራ መደብ እየተቀነሰላትና እየተጨመረላት ስለምትጻፈው፣ ሁለት ገጽ እንኳ ሞልታ ስለማታልፈው ምስኪን አይደለም የምናወራው። በምረቃ ሰሞን አንድ ጊዜ ኮፒ ቤት ተጽፋ፣ ከዚያ ወዲህ ነጠላ ሰረዟ ሳይነካ ለባንክም፣ ለዱቄት ፋብሪካም፣ ለግብረ ሰናይ ድርጅትም፣ ለሆስፒታል ግዥ ክፍልም በእኩል ፍቅር ስለምትላከው ነው። አዳልታ አታውቅም። በዚህ አገር እንዲህ የማያዳላ ነገር ከየት ይገኛል?

ስትከፈት መጀመሪያ ብቅ የሚለው ጉርድ ፎቶ ነው፤ ከኋላ ሰማያዊ መጋረጃ፣ ከፊት የተቆጣ ፊት። ቀጥሎ ዕድሜ፣ የጋብቻ ሁኔታ፣ ሃይማኖት፤ አንዳንዴ ቁመትም አይቀር። ከዚያ «ዓላማ» ይመጣል፦ «ዕውቀቴንና ችሎታዬን ተጠቅሜ ለራሴም ለድርጅቱም ዕድገት የበኩሌን አስተዋጽኦ ማድረግ።» ይህን ዐረፍተ ነገር መጀመሪያ ማን እንደጻፈው አይታወቅም፤ ከዚያ ወዲህ የተመረቀ ሁሉ ግን ወርሶታል። ከዓላማው በኋላ ትምህርት ነው፤ ከአጸደ ሕፃናት ጀምሮ፣ በቅደም ተከተል። ሲኒየር አካውንታንት የሚፈልግ መሥሪያ ቤት አመልካቹ ኬጂ የት እንደተማረ ሳያጣራ እንዴት ሂሳቡን ያስረክበዋል? የሥራ ልምድ ሦስተኛው ገጽ ላይ አለ። የቸኮለ አያየውም፤ መቼስ የቸኮለ አሠሪ ለማንም አይበጅም።

ማስታወቂያው እንዲህ ይላል እንበል፦ ሲኒየር አካውንታንት፣ በአካውንቲንግ ዲግሪ፣ 3 ዓመት ልምድ፣ ፒችትሪ የሚባለውን የሂሳብ ሶፍትዌር የሚችል፣ ፔይሮልና (የደመወዝ ስሌት) የቫት ዲክላሬሽን (የተጨማሪ እሴት ታክስ ማሳወቂያ) የሠራ። አመልካቻችን ይህን ሁሉ ሠርቷል። ጨዋ ሰው ግን ራሱን አያሞግስም። ስለዚህ ከድሮ መሥሪያ ቤቱ የሥራ ዝርዝር ላይ ገልብጦ፣ «የሂሳብ ሥራዎችን ይሠራል፤ ሰነዶችን በአግባቡ ይይዛል፤ ከቅርብ ኃላፊው የሚሰጡትን ሌሎች ተዛማጅ ተግባራት ያከናውናል» ይላል። ፒችትሪ የምትለዋ ቃል የለችም፤ በእሷ ፋንታ «መሠረታዊ የኮምፒውተር ችሎታ» ገብቷል።

ይሉኝታ የሌለው ሌላው አመልካች ምን ያደርጋል መሰላችሁ? የመጀመሪያው ገጽ ላይ፣ ከስሙና ከስልኩ ሥር፣ «ከጥር 2013 እስከ ሰኔ 2016 ዓ.ም. የ120 ሠራተኞች ፔይሮል በየወሩ በፒችትሪ አዘጋጅቻለሁ፤ የ3 ባንክ ሂሳብ ከመዝገብ ጋር የማመሳከር ሥራ (ሪኮንሲሌሽን) ወር በወጣ በ5 ቀን ውስጥ እዘጋ ነበር፤ የቫት ዲክላሬሽን አንድም ወር ዘግይቶ ቅጣት አላስከተለም» ብሎ ይጽፋል። ጉራ እኮ ነው! የሰው ሀብት ባለሙያዋ ደግሞ ፊቷ የተቆለለው ሲቪ ብዙ፣ ለአንዱ ያላት ጊዜ ትንሽ ነውና በዚህ ጉራ ትሸነፋለች። የማስታወቂያውን መስፈርት በግራ፣ የአመልካቹን ስም በቀኝ አድርጋ ራይት ስታደርግ ፒችትሪ፣ ፔይሮል፣ ቫት፣ ሦስቱም ዓይኗ ሥር ናቸው። ሰውየው ሾርት ሊስት ውስጥ ይገባል። «ተዛማጅ ተግባራት» የሚል ሳጥን ቅጿ ላይ አለመኖሩ የቅጹ ጥፋት ነው።

የቀን አጻጻፉማ ለብቻው ውዳሴ ይገባዋል። ምረቃው በእኛ አቆጣጠር 2012፤ ሥራ የተጀመረው በፈረንጅ 2020፤ የተለቀቀው እንደገና በእኛ 2015። ባለሙያዋ ስታሰላው ሰውየው ከመቀጠሩ 5 ዓመት ቀድሞ ሥራ ለቋል። አንዳንዱ ደግሞ ያው መቀላቀል ይክሰዋል፤ «ከ2012 እስከ 2020» ብሎ ጽፎ፣ አንድ መስከረም እንኳ ሳይጠባበት የ8 ዓመት ልምድ ባለቤት ይሆናል። ሁሉንም በአንድ አቆጣጠር ጽፎ አጠገቡ ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. ማለት ምን ያህል አድካሚ እንደሆነ የሚያውቀው ያልሞከረው ብቻ ነው። የሥራ ልምድ ደብዳቤውም ከዚህ አያንስም። ከመቼ እስከ መቼ፣ በምን መደብ፣ በስንት ደመወዝ እንደሠራ፣ የሥራ ግብርም እንደተከፈለበት ሊገልጽ ሲገባው፣ «ታታሪና ምስጉን ሠራተኛ ነበር፤ መልካሙን ሁሉ እንመኝለታለን» ብሎ ያበቃል። ምኞት በወር አይቆጠርም፤ ልምድ የምትቆጥረው ባለሙያ ግን በወር ነው የምትቆጥረው። ስሙም ዲግሪው ላይ በፈረንጅ ፊደል አንድ ዓይነት፣ ፋይዳ መታወቂያው ላይ ሌላ ዓይነት ተጽፎ ሲገኝ፣ አንድ ቅጥር ለሁለት ሰው የተጠየቀ ይመስላል።

ማመልከቻ ደብዳቤዋ የሲቪዋ ታማኝ ጓደኛ ናት። አምና ለአንድ ባንክ የተጻፈችው ዘንድሮ ዱቄት ፋብሪካ ደርሳ፣ «ባንካችሁ በቁጠባ አሰባሰብ ያስመዘገበው ውጤት ዘወትር ይማርከኛል» ትላለች። የፋብሪካው ሰዎች ቅር ሊላቸው አይገባም፤ እነሱም ቢሆኑ ስንዴ ያጠራቅማሉ። የትኛውን መደብ እንደሚፈልግ፣ ከመስፈርቶቹ ዋና ዋናዎቹን ሁለቱን ወይም ሦስቱን በየትኛው ሥራው እንዳሟላ፣ መቼ ሥራ መጀመር እንደሚችል በግማሽ ገጽ መጻፍ ግፋ ቢል 40 ደቂቃ ይፈጃል። በ40 ደቂቃ ስንት ቦታ «ሴንድ» ይባልበት ነበር!

የመላኩ ሥነ ሥርዓት ከዚህም ይበልጣል። ማስታወቂያው 10 ቀን ይሰጣል፤ ማመልከቻው የሚነሳው በ10ኛው ቀን ከምሽቱ 5 ሰዓት ከ50 ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ያሉት ሰዎች ዋይፋይ አላዩም። የኢሜይሉ ርዕስ ባዶ ነው፤ «የሥራ መደቡን ርዕሱ ላይ ይጥቀሱ» የተባለው ለሌሎች ነው። ውስጡም ባዶ ነው፤ ሰላምታ እንኳ የለም። አባሪው ግን ሞልቶ ተርፏል፦ ዲግሪ ፊትና ጀርባ፣ ስቱደንት ኮፒ፣ የ8ኛ፣ የ10ኛና የ12ኛ ክፍል ካርድ፣ መታወቂያ፣ የክረምት በጎ ፈቃድ ምስክር ወረቀት፣ የሁለት ቀን ሥልጠና ሰርተፊኬቶች፤ ሲደመር 14 ፎቶ፣ አልጋ ላይ ተዘርግቶ በስልክ የተነሳ፣ ሁለቱ ላይ የአንሺው አውራ ጣት ያለበት፣ እያንዳንዱ 4 ሜጋባይት። 14 በ4 ሲባዛ 56 ነው፤ ጂሜይል በአባሪነት የሚያሳልፈው 25 ነው። የተረፈውን ጉግል ድራይቭ የሚባለው የኢንተርኔት ማከማቻ ላይ አስቀምጦ ሊንክ ያደርገዋል፤ «ተቀባዩ እንዲከፍተው ይፈቀድ?» ብሎ ሲጠይቅም አመልካቻችን ሳያነብ ያልፈዋል። በማግስቱ ባለሙያዋ ሊንኩን ስትጫነው ፈቃድ እንድትጠይቅ ይነግራታል። ሥራ ፈላጊ ቀጣሪውን ደጅ ሲያስጠና ማየት ብርቅ ነው።

ያን ሁሉ ወረቀት እዚያው ስልክ ላይ ካምስካነር በሚባለው መተግበሪያ አንስቶ፣ የተጠየቀውን ብቻ ለይቶ፣ በአንድ ፒዲኤፍ ከ2 ሜጋባይት ሳያልፍ ማሰርና የፋይሉን ስም የራስ ስምና መደቡን ማድረግ ይቻል ነበር። ይቻላል እንጂ «ኒው ሲቪ ፋይናል የመጨረሻ 3» የሚለውን የሚያህል ስም ከየት ይመጣል?

መቼም ዕድል ዕድል ነውና ስልክ ይደወላል። መሥሪያ ቤቱ የሚደውለው በ011 ከሚጀምር መስመር ነው፤ አመልካቻችን ደግሞ የማያውቀውን ቁጥር አያነሳም። በሦስተኛው ቢያነሳ፣ «ማን ልበል?» ይላል። ሲነገረው፣ «የቱ ነበር? ብዙ ቦታ ነው ያስገባሁት።» ደዋይዋ እንዴት ያለ የሚፈለግ ሰው እንደደወለችለት እዚያው ይገባታል። ያመለከተበትን ቀን፣ ድርጅቱንና መደቡን ደብተር ላይ መመዝገብ፣ የማስታወቂያውንም ፎቶ ማስቀረት ለደካማ ሰዎች የተተወ ነው። ጊዜው ሲያልፍ ማስታወቂያው ከድረ ገጹም ከቴሌግራሙም እንደሚነሳ፣ ለቃለ መጠይቅ መዘጋጃው ደግሞ እሱ ብቻ እንደሆነ የሚጨነቁት እነሱ ናቸው።

አንዳንዱ መሥሪያ ቤት ቀጠሮውን በእንግሊዝኛ ኢሜይል ይልካል፤ «9:00» ብሎ። የፈረንጅ 9 ሰዓት የእኛ ጠዋት 3 ሰዓት ነው። አመልካቻችን ግን ለአገሩ ሰዓት ታማኝ ነውና ከምሳ በኋላ በ9 ሰዓት፣ ከረባቱን አጥብቆ፣ በሩ ላይ ይደርሳል።

የቃለ መጠይቁ አዳራሽ ውስጥ ከሦስት እስከ አምስት ሰው፣ እያንዳንዱ የነጥብ ወረቀት ይዞ ተቀምጧል። «እስቲ ስለ ራስህ ንገረን።» እዚህ ላይ ከሁለት ደቂቃ ባልበለጠ አሁን ምን እንደሚሠራ፣ ከዚህ መደብ ጋር የሚገናኘው የትኛው ሥራው እንደሆነ፣ ለምን እዚህ እንደመጣ የሚናገር አለ። የእኛው ጀግና ግን ከተወለደበት ቀበሌ ይነሳል፤ አንደኛ ደረጃን ሲጨርስ የኮሚቴው አባል ሰዓቱን አይቷል፤ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ሻይ መጥቷል። «ስለ ድርጅታችን ምን ታውቃለህ?» «ትልቅ ድርጅት ነው።» «ድክመትህስ?» «ሥራ ካልጨረስኩ እንቅልፍ አይወስደኝም።» ይህን መልስ የዚያን ዕለት ጠዋት ብቻ አራት ሰው ስለሰጠው፣ ኮሚቴው ያገሩ ወጣት እንቅልፍ ማጣት ያሳስበዋል።

«አንድ የሂሳብ ልዩነት ገጥሞህ እንዴት ፈታኸው?» የምትለዋ ጥያቄ ናት ነጥብ የሚለያይባት። የባንኩ ስቴትመንትና የመጽሐፉ ሂሳብ በስንት ብር እንደተለያየ፣ ማስተካከሉ የማን ኃላፊነት እንደነበር፣ እሱ ራሱ ሁለት ጊዜ የተመዘገበውን ቼክ እንዴት እንዳገኘ፣ መጨረሻ ምን እንደሆነ በአራት ዐረፍተ ነገር ቢናገር አራት ሰው ነጥብ ይጽፍለታል። አመልካቻችን ወደ ዘላለማዊው እውነት ይሻገራል፦ «ችግሮች ሲያጋጥሙ በቡድን ተወያይተን፣ ተቀናጅተን እንፈታለን።» እኛ ማን ነን? ምን ተወያየን? ጸሐፊዋ እስክሪብቶዋን እንዳነሳች ትቀራለች። «ከድሮ መሥሪያ ቤትህ ለምን ለቀቅህ?» ሲባል ብቻ ዝርዝር ያገኛል፤ የአለቃውን ስም፣ የአለቃውን ሚስት ጉዳይ፣ የበዓል ቦነስ ማን እንደከለከለ። «ጥያቄ ካለህ?» «የለኝም።» መደቡ ለምን እንደተለቀቀ፣ ተጠሪነቱ ለማን እንደሆነ፣ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ምን እንደሚጠበቅበት መጠየቅ ነገር ፍለጋ ነው የሚመስለው።

ማስታወቂያው «ደመወዝ፦ በስምምነት» የሚለው አሠሪውም ከአመልካቻችን የሚማርበት ስለሆነ ነው። (አሠሪዎችን አሁን አንነካም፤ ለ«ጀማሪ» መደብ 5 ዓመት ልምድ የሚጠይቁት እነሱ ሌላ ቀን፣ ሰፋ ባለ ገጽ ይወደሳሉ።) «ስንት ትጠብቃለህ?» ሲባል «20,000» ይላል፤ የተጣራ ይሁን ያልተጣራ አይልም። በ2017 ዓ.ም. መጨረሻ በተሻሻለው የሥራ ግብር ስሌት ከ20,000 ብር ላይ 4,950 ግብር፣ 7 በመቶ ማለትም 1,400 ደግሞ ጡረታ ሲነሳ፣ እጅ የሚገባው 13,650 ነው። እሱ 20,000 የተጣራ አስቦ፣ እነሱ ያልተጣራ ጽፈው፣ ሁለቱም ፈገግ ብለው ይጨባበጣሉ። ልዩነቱ 6,350 ብር በወሩ መጨረሻ ራሱ ይናገራል።

ካልተጠራስ? ለዚህም መልስ አለው፤ «ያለ ሰው ድሮስ የት ይገባል?» እውነት ነው፤ ዘመድና ወንዝ የሚቆጥር ቀጣሪ ሞልቷል፣ ማንም አይክደውም። ግን ፋይሉ ያልተከፈተለት ሰው በማን ዘመድ ተበለጠ? በ9 ሰዓት የደረሰውን ማን አስቀደመው? እነዚህን ጥያቄዎች የሚያነሳ ምቀኛ ነው። «ሰው የለኝም» ሲቪን እንደገና ከመጻፍ የሚያድን ብቸኛ መድኃኒት ነው፤ ለዚህም ነው በየሻይ ቤቱ በነፃ የሚታደለው።

በለስ ቀንቶት «ሰኞ ጀምር» በስልክ ከተባለ ደግሞ ወኔው ልዩ ነው። የቅጥር ደብዳቤ አልተፈረመም፤ ደመወዙ ወረቀት ላይ አልሰፈረም፤ የሙከራ ጊዜው እስከ 60 የሥራ ቀን ሊሆን እንደሚችል አልጠየቀም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ ሲለቅ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ይስጥ ይላል፤ አመልካቻችን የሰጠው የ30 ሰከንድ ነው፤ ዓርብ ከሰዓት፣ የሠራተኛ መታወቂያውን አለቃው ጠረጴዛ ላይ ወርውሮ። ሰኞ አዲሱ መሥሪያ ቤት በፈገግታ ተቀብሎት፣ ክሊራንስ (ከድሮው መሥሪያ ቤት ዕዳ የለበትም የሚል ወረቀት) እና የሥራ ልምድ እንዲያመጣ ይነግረዋል። ማክሰኞ ጠዋት የድሮው መሥሪያ ቤት በር ላይ ይቆማል። ጥበቃው ለሦስት ዓመት በየቀኑ ሰላም ያለው ሰው ነው፤ ቢሆንም እጁን ይዘረጋል፦ «መታወቂያ።»