ውሃስ እስከ ስንት ሰዓት?

ከቃሉ ወረዳ ገጠር የሐረጎን ዳገት ወጥተው ደሴ የመጡ አንዲት እናት የሐሞት ጠጠር ኦፕራሲዮን ተራ ይጠብቁ ነበር። የመጨረሻ እህል የቀመሱት ማታ 1 ሰዓት ላይ ነው። ኦፕራሲዮን ክፍል የገቡት በማግስቱ ቀን 9 ሰዓት። 20 ሰዓት ያለ እህል፣ ያለ ውሃ።

ተራቸው ሁለተኛ ነበር። ሁለት የምጥ እናቶች በድንገት መጡና ቀደሙ። መቅደማቸው ልክ ነው። ግን በዚያ ሁሉ ሰዓት ውስጥ «ትንሽ ውሃ ይጠጡ» ያላቸው ሰው አልነበረም። ማደንዘዣ የምሰጠው እኔም አላልኩም።

ደም ሥር ፍለጋ ሦስት ጊዜ ወጋኋቸው። ከንፈራቸው ደርቆ ተሰነጣጥቋል። «አብሽሩ እናቴ፣ አሁን እንጨርሳለን» አልኳቸው። ቀና ብለው አዩኝ። «ረመዷንም እኮ ማፍጠሪያ አለው ልጄ። የናንተ ጾም ማፍጠሪያው መቼ ነው?»

ማደንዘዣውን እንደሰጠኋቸው የደም ግፊታቸው ወረደ። ግፊት በማደንዘዣ ጊዜ መውረዱ ያለ ነው። ውሃ የጎደለው ሰውነት ላይ ግን ይብሳል። በደም ሥር በሚሰጥ ፈሳሽና በመድኃኒት መለስነው፤ ደህና ሆነው ወጡ። ጥያቄያቸው ግን እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም።

ከኦፕራሲዮን በፊት መጾም ያስፈልጋል። ሰው በማደንዘዣ ሲተኛ ጉሮሮውን የሚጠብቀው ነገርም አብሮ ይተኛል። ሆዱ ውስጥ ምግብ ካለ ወደ ላይ ተመልሶ ሳንባው ሊገባ ይችላል። በፈረንጆቹ 1946 ሜንደልሰን የሚባል የኒውዮርክ የማኅፀን ሐኪም የ44,016 ነፍሰ ጡሮችን መዝገብ አገላብጦ 66ቱ ላይ ይህ እንደደረሰ ጻፈ። ሁለቱ ሞተዋል። የገደላቸው ውሃ አይደለም፤ ጠጣር ምግብ አፍኗቸው ነው። ከዚያ በኋላ ግን «ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ምንም» የሚለው ትእዛዝ እንጀራውንም ውሃውንም አንድ ላይ ጠቅልሎ በየሆስፒታሉ ሥር ሰደደ።

ውሃ እንደ እንጀራ ሆድ ውስጥ አይከርምም። በባዶ ሆድ የተጠጣ ውሃ ግማሹ በ20 ደቂቃ ግድም ወደ አንጀት ያልፋል። የአሜሪካ የማደንዘዣ ሐኪሞች ማኅበር በፈረንጆቹ 1999 ከማደንዘዣ በፊት ስንት ሰዓት እንደሚጾም መመሪያ አወጣ፦ ቅባት የበዛበት ምግብ 8 ሰዓት፣ ቀላል ምግብ 6 ሰዓት፣ የእናት ጡት 4 ሰዓት፣ ውሃና ጥርት ያለ ፈሳሽ 2 ሰዓት። በ2011 የአውሮፓውያኑ መመሪያ ከዚህ አለፈ። ታካሚው ማደንዘዣው 2 ሰዓት እስኪቀረው ድረስ እንዲጠጣ መበረታታት አለበት አለ። ለልጆች ደግሞ በ2022 የውሃው ጾም ወደ 1 ሰዓት ወረደ። በብሪታንያ ታካሚው እስኪጠራ ድረስ ውሃ ፉት እንዲል የሚፈቅዱ ሆስፒታሎች አሉ።

እኛ ጋ ያለው ግን ያው የእኩለ ሌሊቱ ትእዛዝ ነው።

ይህን ሳነሳ የሥራ ባልደረቦቼ የሚመልሱልኝ አንድ ነገር ነው። «ጠጡ ካልናቸው ወተትም አጥሚትም ይጠጣሉ፤ ከዚያ ጉድ ይፈላል።» ፍርሃቱ ይገባኛል። ወተትና አጥሚት እንደ ምግብ ነው የሚቆጠረው። ግን ለወሎ ሰው ጾምን በሰዓት ማስረዳት ይከብዳል? አንዱ ከሱሁር እስከ መግሪብ ይጾማል፣ ሌላው እስከ 9 ሰዓት። ምን ጾም እንደሚያስፈታ፣ ምን እንደማያስፈታ ከእኛ በላይ ያውቃል። «ምግብ እስከዚህ ሰዓት፣ ውሃ እስከዚህ ሰዓት፣ ወተት እንደ ምግብ ነው» ብንለው አይጠፋውም። የጎደለው የእኛ ንግግር ነው።

ቡናም አለ። በመመሪያው ወተት የሌለበት ቡና ከጥርት ፈሳሽ ይመደባል። አተላው ቀርቶ የሰከነው ማለቴ ነው። በቀን ሦስቴ ቡና የለመዱ እናት ቀኑን ሙሉ ሲከለከሉ ራሳቸውን ይፈልጣቸዋል። በማግስቱ እኛ ከጀርባ የተሰጠው ማደንዘዣ ያመጣው ነው ወይስ የቡናው እያልን እንጨነቃለን።

ጫት ግን ሌላ ነው። ጫት ምግብ ከጨጓራ ቶሎ እንዳይወርድ ያደርጋል፤ ይህ በጥናት ታይቷል። የልብ ምትንና ግፊትንም ያስጨምራል። ማታ ቅሞ ያደረ ሰው ሰዓቱ ስለሞላ ብቻ ሆዱ ባዶ ነው ማለት አይቻልም። እኛ አገር መጀመሪያ ሊጠየቅ የሚገባው ይህ ነበር። በቁጣ የምንጠይቀው ሰው ግን ይደብቀናል።

በእኛ አቆጣጠር በ2014ቱ ጦርነት የደሴና የኮምቦልቻ ጤና ተቋማት ተዘርፈዋል። ማሽን ሲጎድል፣ መድኃኒት ሲጠፋ ከመጠበቅ ሌላ ምርጫ የማይኖረን ቀን ብዙ ነው። ይህ ግን ማሽን አይፈልግም። ተራ ሲለወጥ ከኦፕራሲዮን ክፍል ወደ ዋርድ አንድ ስልክ ይደወል። ተረኛዋ ነርስ «እናቴ፣ ተራዎ ወደ ከሰዓት ሄዷል፤ አሁን ውሃ ይጠጡ» ትበል። ኦፕራሲዮኑ ለነገ ከተላለፈ ደግሞ ታካሚው ወዲያው ይብላ። እራት ሲታደል ጠብቆ ሳይሆን በዚያው ሰዓት። ስልኩን የመደወል ኃላፊነት የእኛ የማደንዘዣ ባለሙያዎች ነው ባይ ነኝ። ጾሙን ያዘዝነው እኛ ነንና።

የኦፕራሲዮን ቀጠሮ ያላችሁ ደግሞ የተሰጣችሁን ሰዓት በራሳችሁ አትቀይሩ። አንጀቱ የታጠፈበት፣ ምጥ ላይ ያለች፣ የስኳር በሽታ ጨጓራውን ያዘገየበት ሰው የ2 ሰዓቱ ሕግ ላይሠራለት ይችላል። ግን ጠይቁን። «ምግብ እስከ ስንት ሰዓት? ውሃስ?» በሉን። ተራችሁ ከዘገየም ደግማችሁ ጠይቁ። ጫት ከቃማችሁም ንገሩን። አንቆጣም።