ከኮንሴፕቱ መልኩ ብቻ አይድረሰን

እ.ኤ.አ. በ2012 ቮልስዋገን በሳኦ ፓውሎ የመኪና ዐውደ ርዕይ ላይ ታይጉን የተባለች አነስተኛ ኤስዩቪ (ከመሬት ከፍ ያለች የቤት መኪና) በኮንሴፕትነት አቀረበ። ርዝመቷ 3.86 ሜትር፣ ክብደቷ 985 ኪሎ ግራም ነበር። አንድ ሊትር ሞተር፣ አራት ወንበር፣ ከፍ ያለ አቀማመጥ፤ በቃ። እንዲህ ያለ መኪና የምንወድ ሰዎች መቼ ወደ ምርት ትገባለች እያልን ጠበቅን። አልገባችም። በ2021 ታይጉን የሚባል መኪና በሕንድ ገበያ ላይ ሲወጣ ርዝመቱ 4.22 ሜትር የሆነ፣ በሌላ መሠረት ላይ የተሠራ ሌላ መኪና ነበር።

ኮንሴፕት መኪና ለሽያጭ ሳይሆን አንድ ሐሳብ ምን እንደሚመስል ለማሳየት የሚሠራ ናሙና ነው። ብዙዎቹ በእጅ የተሠሩና ከመድረክ ወርደው መንገድ የማይወጡ ናቸው። በእነርሱ ላይ የሚሰማው ቅሬታም የታወቀ ነው፤ መድረክ ላይ ያየነው ውበት ፋብሪካ ደርሶ ሲመለስ ደብዝዞ ይመጣል ይባላል። እኔ ግን በአነስተኛ ኤስዩቪዎች ረገድ ይህ ቅሬታ ጊዜው አልፎበታል ባይ ነኝ። መልኩማ እየመጣ ነው። የማይመጣው ትንሽነቱ፣ ቅለቱና ዋጋው ነው። ልንቆጭ የሚገባንም በዚህ ነው።

መልክ እንዴት እንደሚተርፍ ለማየት ላንድ ሮቨር በ2008 በዲትሮይት ዐውደ ርዕይ ላይ ያሳየውን ኤልአርኤክስ የተባለ ኮንሴፕት ማስታወስ ይበቃል። ወደ ኋላ እየተዳፋ የሚወርደው ጣሪያና ወደ ኋላ በሄደ ቁጥር እየጠበበ የሚመጣው የጎን መስታወት በ2011 ምርት በጀመረው ሬንጅ ሮቨር ኢቮክ ላይ እንዳሉ ናቸው። በ2009 ጄኔቫ ላይ የታየው የኒሳን ቃዛናም በዓመቱ ጁክ ሆኖ ቀረበ። ከላይ ብቅ ያሉት ቀጫጭን መብራቶችና ከሥራቸው ያሉት ክብ ትልልቅ መብራቶች አብረውት መጡ። የቀረው ነገር ቢኖር በፊትና በኋላ በር መካከል ምሰሶ አለመኖሩና የኋላ በሮቹ በተቃራኒ አቅጣጫ መከፈታቸው ነው። ለዚህ ደግሞ በቂ ምክንያት አለ። ያ ምሰሶ መኪናው ከጎኑ ሲመታ ተሳፋሪውን የሚከላከል ብረት ነው፤ የፊት ወንበሮች ቀበቶም የሚታሰረው እዚያው ላይ ነው። እሱን አውጥቶ ያንኑ ጥንካሬ ለማግኘት ወለሉንና ጣሪያውን ማክበድ ግድ ይላል። ምሰሶው በመመለሱ የሚያዝን ሰው ካለ አልስማማም። የኒሳን ዲዛይነሮች የኋላውን በር እጀታ መስታወቱ አጠገብ ደብቀው መኪናው ባለ ሁለት በር እንዲመስል ማድረጋቸው ለእኔ ከኮንሴፕቱ በሮች የበለጠ ብልሃት ነው።

መልክ የሚተርፍበት ሌላም ምክንያት አለ፤ ብዙ ጊዜ ግን አይነሳም። አንድ መኪና ከጭቃ ሞዴል ተነስቶ የምርት መስመር ላይ እስኪደርስ ዓመታት ይወስዳል። የአካሉ ብረት የሚቀረጽባቸው ማሽኖች ይዘጋጃሉ፣ የግጭት ሙከራ ይደረጋል፣ ከዕቃ አቅራቢዎች ጋር ውል ይታሰራል። ታዲያ ኪያ ኢቪ3 የተባለውን የኤሌክትሪክ ኤስዩቪ በኦክቶበር 2023 በኮንሴፕትነት አሳይቶ በሜይ 2024 የሚሸጠውን መኪና ሲያቀርብ፣ በሰባት ወር ውስጥ መኪና ፈጥሮ አይደለም። ዋናው ሥራ አስቀድሞ አልቆ ነበር ማለት ነው። እንዲህ ባለው ጊዜ ኮንሴፕቱ የሚቀዳው ከሚሸጠው መኪና ነው። ትልልቅ ቸርኬ ይገጠምለታል፣ ስፖኪዮው ይቀጥናል፣ ቀለሙ ይደምቃል፣ ከዚያ መድረክ ላይ ይወጣል። በዚህ የተበደለ የለም፤ ገዢው የሚመጣውን ቀድሞ ያውቃል። ነገር ግን ተስፋ የሚጣልበት ነገር አይደለም፤ ጉዳዩ አስቀድሞ ተወስኗልና።

ተስፋ የሚያስፈልገው ጥያቄ ይዞ ለሚመጣ ኮንሴፕት ነው። ቶዮታ በ1989 ቶኪዮ ላይ ያሳየው ራቭ ፎር እንዲህ ያለ ነበር። በዚያን ጊዜ በአራቱም ጎማ የሚነዳ መኪና ሲባል በአብዛኛው እንደ ጭነት መኪና በከባድ ሻሲ ላይ የተቀመጠ፣ ነዳጅ የሚፈጅና ለከተማ መንገድ የማይመች ነበር። ከተራ የቤት አውቶሞቢል ክፍሎች ተነስቶ ትንሽና ቀላል የሆነ ቢሠራስ? ምላሹ አምስት ዓመት ወሰደ። በ1994 ገበያ ላይ የዋለው ባለ ሁለት በር ራቭ4 3.7 ሜትር ገደማ ብቻ ነበር፤ ዛሬ መንገዱን ከሞሉት ኤስዩቪዎች አብዛኞቹም የተሠሩት በዚያው ሐሳብ ነው። የዛሬው ራቭ4 ግን 4.6 ሜትር ደርሷል። ዘጠና ሴንቲ ሜትር! የመጀመሪያውን ተወዳጅ ያደረገው ትንሽነቱ ሆኖ ሳለ፣ በየትውልዱ እየተሸራረፈ የሄደው እሱው ነው።

ከቅርብ ጊዜዎቹ ልቤን የነካው ኦሊ የተባለው የሲትሮየን የኤሌክትሪክ ኮንሴፕት ነው። በ2022 ሲታይ ግቡ 1000 ኪሎ ግራም ገደማ መመዘን፣ በ40 ኪሎ ዋት ሰዓት ባትሪ 400 ኪሎ ሜትር መሄድና ፍጥነትን በሰዓት 110 ኪሎ ሜትር መገደብ ነበር። ጣሪያውና የሞተር ክዳኑ በፋይበርግላስ ከታሸገ መልሶ ጥቅም ላይ የዋለ ካርቶን የተሠሩ ናቸው፤ ሰው ቢቆምባቸው ይችላሉ። የፊት መስታወቱ ቀጥ ብሎ የቆመው ለመልክ ሲባል አይደለም። ቀጥ ያለ መስታወት ከተጋደመው ያንሳል፣ ይቀላል፣ ሲሰበርም በርካሽ ይተካል። አንድ መኪና እያንዳንዱ ክፍሉ ለምን እንደዚያ እንደሆነ ሊያስረዳ ሲችል ደስ ይለኛል። ኦሊ ግን ከጅምሩ ለምርት አልታሰበም ነበር። በቀጣዩ ዓመት የቀረበው የሲትሮየን አዲሱ ትንሽ መኪና ሲ3 የኦሊን ፊት ይዞ መጣ። ኤሌክትሪኩ ሲ3 ሲወጣ ከ23,300 ዩሮ ጀምሮ መቅረቡ የሚያስመሰግን ነው፣ ይህን አልክድም። ክብደቱ ግን ከ1400 ኪሎ ግራም ይበልጣል፤ የካርቶን ጣሪያውና ቀጥ ያለው መስታወትም ቀርተዋል።

ለምን? የመኪና ዋጋ እንደ ርዝመቱ ስለማይቀንስ ነው። ትንሹም ትልቁም የአየር ከረጢት፣ ካሜራ፣ ራሱ ፍሬን የሚይዝ ሥርዓትና ተመሳሳይ የሰው ጉልበት ይፈልጋሉ። የአውሮፓ ኅብረት አዲስ በሚሸጡ መኪኖች ላይ ከጁላይ 2024 ጀምሮ ግዴታ ያደረጋቸው የደኅንነት መሣሪያዎች ለ3.8 ሜትሩም ለ4.8 ሜትሩም ያው ናቸው። ትልቁ ላይ ግን ብዙ ሺህ ዩሮ መጨመር ይቻላል፤ ትንሹ ላይ ገዢው ይሸሻል። ስለዚህ የሒሳብ ክፍሉ ሁልጊዜ ትንሽ ይርዘም ይላል። ደንቦቹን አልቃወምም፤ ሕይወት ያተርፋሉ። የምቃወመው ደንቦቹ ያልጠየቁትን ክብደት ነው።

መድረክ ላይ የወጣ ሁሉ ፋብሪካ ይግባ እያልኩም አይደለም። ሱዙኪ በ1993 ያሳየው ኤክስ-90 ሁለት ሰው ብቻ የሚጭን፣ ጣሪያው የሚነሳ ኤስዩቪ ነበር። በ1995 እንዳለ ተመረተ፤ ገዢ አላገኘም። አዲስነት ነበረው፣ የሚመልሰው ጥያቄ ግን አልነበረውም።

ሐሳብ ሲደርስ ምን እንደሚመስል ዳቺያ አሳይቷል። የ2021 ቢግስተር ኮንሴፕት የውጭ መከላከያ ክፍሎቹ ቀለም ካልተቀባ፣ መልሶ ጥቅም ላይ ከዋለ ፕላስቲክ የተሠሩ ነበሩ። ያልተቀባው ፕላስቲክ ስታርክል በሚል ስም በአዲሱ ደስተርና በ2024 በቀረበው ቢግስተር ላይ መጣ። ያልተቀባ ፕላስቲክ ሲጫር ብዙም አይታወቅም፣ የቀለም ወጪም የለበትም። ከማንኛውም የመብራት ቅርጽ ይልቅ ይህን አከብራለሁ። የሬኖው ፎርኤቨር ትሮፊም በ2022 ፓሪስ ላይ የበረሃ ውድድር መኪና መስሎ ከታየ በኋላ፣ በ2024 4.14 ሜትር የሆነ ሬኖ 4 ሆኖ ተመለሰ። ልኩን ጠብቋል።

አሁን በጉጉት የማያት የቶዮታን ኮምፓክት ክሩዘር ኢቪ ነው። በዲሴምበር 2021 ከሌሎች የኤሌክትሪክ ኮንሴፕቶች ጋር በአንድ መድረክ የታየች፣ የጥንቱን ላንድ ክሩዘር የምታስታውስ አራት ማዕዘን መኪና ናት። ፊቷ አንድ ቀን በሆነ መኪና ላይ እንደሚመጣ አልጠራጠርም። የምፈራው "ኮምፓክት" የሚለው ቃል መንገድ ላይ እንዳይወድቅ ነው።

አምራቾችን የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ኮንሴፕቱ መድረክ ላይ ሲወጣ የታሰበለት ርዝመት፣ ክብደትና ዋጋ አጠገቡ ተጽፎ ይቀመጥ። ጋዜጠኞችም ስለ ቸርኬው ከመጠየቃቸው በፊት ስለ ክብደቱ ይጠይቁ። የሚሸጠው መኪና በቀረበበት ዕለት ደግሞ ሦስቱ ቁጥሮች ምን ያህል እንደተለወጡ ድርጅቱ ራሱ ያስታውቅ። መቶ ኪሎ ከጨመረ ለምን እንደጨመረ ይንገረን። ምክንያቱ የተሳፋሪ ደኅንነት ከሆነ እንቀበላለን፤ ዳሽቦርዱን ከዳር እስከ ዳር የሸፈነ ስክሪን ከሆነ ግን እንከራከራለን።