ቤቱን አድሶ የቤቱን ቋንቋ መቅበር

በ2025 መጀመሪያ ላይ ለታይዋን ፓርላማ የቀረበው ሐሳብ እስካሁን ያንገበግበኛል። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) አንዲት የምክር ቤት አባል የሕዝብ ቴሌቪዥኑ 2.3 ቢሊዮን የታይዋን ዶላር በጀት ሙሉ በሙሉ ይሰረዝ አሉ። ከ2019 ጀምሮ በሆኪየን፣ ማለትም ከደቡብ ቻይና በመጡት የብዙ ታይዋናውያን አያቶች ቋንቋ፣ የሚያሰራጨው ቻናል ያለው በዚሁ ጣቢያ ሥር ነው። ሐሳቡ እንደቀረበው አላለፈም። ንዴቴ ግን አልበረደም፤ ምክንያቱም እኚህ ሴት የተመረጡት ታይዋን ከምታስተዳድራት ከኪንመን ደሴት ነው።

ኪንመን እኮ የሆኪየን ቤቶች አገር ናት! ቀይ ጡብ፣ ጫፉ ለሁለት ተሰንጥቆ ወደ ሰማይ የሚቀለበስ ጣሪያ በየመንደሩ አለ። የሻንሆው መንደርን 18 ሕንፃዎች ያሠራው በጃፓን ኮቤ ነግዶ የከበረ ቤተሰብ ነው፤ ያለቁትም በ1900 ነው። በ1995 ደሴቲቱ ላይ ብሔራዊ ፓርክ ተቋቋመ። ከዚያ ወዲህ አሮጌ ቤቶች በመንግሥት ገንዘብ እየታደሱ ቱሪስት ያድርባቸዋል። መልካም ነው፣ ይታደሱ። ለቤቶቹ ሲሆን ግን «ማን ያየዋል?» ብሎ የሚጠይቅ የለም።

የበጀት ቆራጮቹ አንዱ ክርክር ይኸው ነው፤ ተመልካች የለውም። እንዴት ይኑረው? መንግሥት ማንዳሪን የተባለውን የቻይና ቋንቋ ብቻ ተናገሩ ባለበት ዘመን በሆኪየን የተናገረ ተማሪ ገንዘብ ሲቀጣ፣ አንገቱ ላይ ሰሌዳ ሲንጠለጠልበት ኖሯል። በ1976 የወጣው ሕግ ደግሞ ቋንቋውን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን ወደ ጥግ ገፋው። ያ ገደብ የተነሳው በ1993 ነው። አፍ ሲዘጋ ኖሮ ዛሬ «ለምን አትናገሩም?» ማለት ዓይን ያወጣ ድፍረት ነው።

ደግሞስ የሆኪየን ቤት ያለ ቋንቋው ምንድን ነው? ግቢውን በሦስት ወገን ከቦ የሚቆም ቤት ነው። መሃሉ ላይ ትልቁ አዳራሽ አለ። የቅድመ አያቶች ስም የተጻፈባቸው የእንጨት ሰሌዳዎች የሚቀመጡት እዚያ ነው። ክፍል የሚደለደለው በዕድሜ ነው። ከአዳራሹ ወደ ግቢው ስትመለከቱ በግራ ያለው ወገን ይከበራል፤ ታላቅ በግራ፣ ታናሽ በቀኝ ያድራል። ልጅ ሲዳርም ሲወለድም ለሙታኑ ይነገራቸዋል። ዕጣን ይጨሳል። ከዚያ ግማሽ ጨረቃ የሚመስሉ ሁለት የእንጨት ቁራጮች መሬት ላይ ይጣላሉ። አንዱ በጀርባው ሌላው በሆዱ ከወደቀ አያቶች እሺ ብለዋል ማለት ነው። ይህ ሁሉ የሚባለው በሆኪየን ነው፤ ሙታኑ በሕይወት ሳሉ የሚያውቁት እሱን ነበርና። ዛሬ የልጅ ልጅ ዕጣኑን ይዞ ይቆማል፤ ምን እንደሚል ግን አያውቅም። አያቱ ከጎኑ ሆና ታንሾካሹክለታለች፣ እሱ ሳይገባው ድምፁን ይደግማል። እሷ ስትሞት ማን ያንሾካሹክለት? ጣሪያውን ያደሰው ሥራ ተቋራጭ?

ታይፔ ውስጥ ሊን አን ታይ የሚባል በ1780ዎቹ የተሠራ ቤት አለ። በ1978 መንገድ ሲሰፋ ቦታው ተፈለገ። ቤቱ ግን በዶዘር አልተደረመሰም። ክፍል በክፍል ተነቀለ፣ በኋላም ሌላ ቦታ ተተከለ። በዚያው ዘመን ትምህርት ቤቶች የዚያኑ ቤት ቋንቋ ከልጆች አፍ እየነቀሉ ነበር። የተነቀለ ቋንቋን ማን መልሶ ይተክለዋል?

የ2020ው ቆጠራ ቁልጭ ያለ ነው። ሆኪየንን ዋና መግባቢያዬ ያለው 31.7 በመቶው ሕዝብ ነው። ከ6 እስከ 14 ዓመት ካሉት ልጆች ግን 7.4 በመቶው ብቻ። ወላጆች ልጃቸው ወደ ኋላ እንዳይቀር ብለው ቤት ውስጥ ማንዳሪን ያወራሉ። ዋሽንግተን ያሉ አበሾች ይህን ጭንቀት አሳምረው ያውቁታል። ታዲያ ለነዚህ ልጆች ካርቱንና ዜና በአያታቸው ቋንቋ የሚያቀርብ ጣቢያ ቅንጦት ነው?

ፕሮግራሙ ደካማ ከሆነ ይሻሻል፣ አዘጋጆቹም ይጠየቁ። እሺ። በሚቀጥለው የበጀት ክርክር ግን እኚህ እንደራሴ አንድ ነገር ያድርጉልን። የኪንመን ጣሪያዎች ማደሻና የቻናሉ ገንዘብ ጎን ለጎን ይቅረብ። ከዚያ መራጮቻቸው ፊት ቆመው የትኛው ይቆረጥ እንደሚሉ ይናገሩ፤ በሆኪየን።