ላፍሮይግ ከሁሉም ሲጋር ጋር አይሄድም

ስለ ውስኪና ሲጋር የወጣው ጽሑፍ ላፍሮይግን (ጭስ ጭስ የሚለውን የስኮትላንድ ውስኪ) ከማንኛውም ሲጋር ጋር ጠጡ ማለቱ አልተዋጠልኝም። የላፍሮይግ ብቅል በፒት (ከረግረግ የሚቆፈር የበሰበሰ ዕፅዋት አፈር) ጭስ ስለሚደርቅ፣ ኮነቲከት በሚባለው ፈካ ያለ የትምባሆ ቅጠል የተጠቀለለን ለስላሳ ሲጋር ጣዕሙን ይውጠዋል። ለላፍሮይግ ማዱሮ የሚባለው ጠቆር ያለ ቅጠል ያለው ሲጋር ይሻላል፤ ለለስላሳው ሲጋር ቀለል ያለው ውስኪ ግሌንሊቬት 12 ይበቃዋል። በረዶ ተዉት፣ ምላስ ያደነዝዛል። ከ55 በመቶ በላይ አልኮል ላለው ውስኪ ሁለት ሦስት ጠብታ ውሃ ይበቃል።

ሲጋሩ ከውስኪው ጋር መረረን ላላችሁት፦ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የውስኪው ሳይሆን ቶሎ ቶሎ መሳብ ነው። በደቂቃ አንዴ ሳቡ፤ ከፈጠነ ትምባሆው ይግልና ይመርራል (ወደ ሳንባ ማውረድማ ጨርሶ አይደረግም)። ደግሞ ሲጋሩ ከ65 እስከ 70 በመቶ እርጥበት ባለው ሣጥን ካልተቀመጠ፣ በተለይ በአዲስ አበባ በጋ፣ የላይኛው ቅጠል ገና ሲቆረጥ ይሰነጠቃል።